ከጅቡቲ ወደ ጌጃ ሰፈር የወጣው ሹካ



በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ከሚታዩት ብስክሌቶች የሚበዙት ማውንቴን የሚባሉት ናቸው። ሰፊ ጎማ፣ ቀጥ ያለ መሪ፣ ከፊት ደግሞ ባለ ሾክ ሹካ። ገዢው መርካቶ ሲገባ ቀለሙን ያያል፣ ማርሹን ይቆጥራል፣ ፍሬኑን ጨበጥ ለቀቅ ያደርጋል። ሹካውን ግን ሁለት ጊዜ ወደ ታች ተጫን ተጫን ያደርግና «ሾኩ ይሠራል» ብሎ ያልፈዋል። ከዚያች ቀን በኋላ ብዙውን ጊዜ ብስክሌቱ እስኪሸጥ ወይም እስኪሰበር ድረስ ያን ሹካ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ጎማው ሲተነፍስ ጎሚስታ ይኬዳል፣ ፍሬኑ ሲጮኽ የፍሬኑ ጎማ ይቀየራል፣ ሰንሰለቱ ሲደርቅ ዘይት ይቀባል። በብስክሌቱ ላይ ካሉት ዕቃዎች ውዱ ሊሆን የሚችለው ሹካ ግን ምንም አይደረግለትም።

የዚህ ዲስኩር አቋም በአጭሩ ይህ ነው፦ ባለ ሾክ ሹካ ሥራው ፋብሪካ ውስጥ አያልቅም። የሚያልቀው የነጂው ክብደት፣ የሚነዳበት መንገድና የሚነዳበት ከፍታ ታውቆ ሲስተካከል፣ ከዚያም በየጊዜው ሲጸዳ ነው። ይህ ሥራ ደግሞ በአብዛኛው ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ግማሽ ቀን፣ ጥቂት መሣሪያና ትዕግሥት ነው።

የብስክሌት ሹካ ለመቶ ዓመት ያህል ደረቅ ብረት ሆኖ ኖሯል። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ በተካፈለችበት በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ተሰልፈው ነበር። ገረመው ደንቦባና ባልደረቦቹ በነዱት ብስክሌት ላይ የመንገዱ ንዝረት ከጎማው አልፎ በቀጥታ የሚያርፈው በእጃቸው ላይ ነበር። ነገሩ የተለወጠው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው። ከሞተር ብስክሌት ሙያ የመጣው አሜሪካዊው ፖል ተርነር ሮክሾክስ የተባለውን ድርጅት መሥርቶ አር.ኤስ.1 የሚባል ሹካ ለገበያ አቀረበ። ወደ ታች የሚወርደው 50 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነበር። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1990 በኮሎራዶዋ ዱራንጎ ከተማ በተካሄደው የመጀመሪያው የዓለም የተራራ ብስክሌት ሻምፒዮና ግሬግ ኸርቦልድ የቁልቁለቱን ውድድር በሮክሾክስ ሹካ አሸነፈ። ከዚያ ወዲህ ሹካ ሾክ ያስፈልገዋል አያስፈልገውም የሚለው ክርክር እየቀዘቀዘ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1996 የተራራ ብስክሌት አትላንታ ላይ የኦሊምፒክ ውድድር ሲሆን፣ ሾክ የሌለው ሹካ በዚህ ስፖርት ውስጥ ብርቅ እየሆነ መጥቶ ነበር። ዛሬ ለአገር አቋራጭ ውድድር የሚሠሩት ሹካዎች ከ100 እስከ 120 ሚሊ ሜትር፣ ለከባድ ቁልቁለት የሚሠሩት ደግሞ 200 ሚሊ ሜትር ያህል ይወርዳሉ።

አሁን ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ጌጃ ሰፈር እንምጣ። ከጌጃ ሰፈር የሚነሣ ብስክሌተኛ በአንድ ጠዋት ሦስት ዓይነት መንገድ ይገጥመዋል። የመጀመሪያው የውስጥ ለውስጡ ኮብልስቶን ነው። ጥቁር ድንጋዩ በደንብ በተነጠፈበት ቦታ እንኳ በእያንዳንዱ ድንጋይ መካከል ያለው ክፍተት መሪውን ሳያቋርጥ ይነቀንቃል፤ ድንጋዩ በወለቀበት ደግሞ ጎማውን የሚውጥ ጉድጓድ አለ። ሁለተኛው አስፋልቱ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማቱ ከሜክሲኮ ወደ ሳር ቤት በሚወስደው መስመር የብስክሌት መንገድ ተሠርቷል፤ በዚያ ላይ ሾክ አለ ቢባልም የለም ቢባልም ልዩነቱ ትንሽ ነው። ሦስተኛው የቅዳሜና የእሑዱ መንገድ ነው፦ በቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ፣ ከፒያሳ በሽሮ ሜዳ ሽቅብ እስከ እንጦጦ። በመስከረም 2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ የብስክሌት መንገድም አለው። ከፓርኩ ውጭ ያለው የባሕር ዛፍ ጫካ ደግሞ ሥር፣ ጠጠርና ቀይ አፈር የሞላበት ነው። ለሦስቱም መንገድ ሹካው በአንድ ዓይነት ሁኔታ ሊቀመጥ አይገባም።

ሹካው ውስጥ ምን አለ? ከላይ የሚያብረቀርቁ ሁለት ቱቦዎች አሉ። እነዚህ ከታች ባሉት ወፍራም እግሮች ውስጥ ይገባሉ ይወጣሉ። በአንደኛው እግር ውስጥ ሸክሙን የሚሸከመው ነገር አለ፤ ርካሽ በሆኑት የብረት ሞላ፣ ሻል ባሉት ደግሞ የታመቀ አየር። በሌላኛው እግር ውስጥ ዘይት የሚያልፍበት ቀዳዳ ያለው መቆጣጠሪያ ይገኛል፤ ዳምፐር ይሉታል። ሞላው ወይም አየሩ ጉልበቱን ተቀብሎ ይመልሳል። ዳምፐሩ ያ ጉልበት በአንድ ጊዜ እንዳይፈነጥር ያበርደዋል። በሮክሾክስና በፎክስ ሹካዎች አየሩ በነጂው ግራ፣ ዳምፐሩ በቀኝ ነው። በላይኛው ቱቦና በታችኛው እግር መገናኛ ላይ አቧራ የሚጠርግ የጎማ ቀለበት ተገጥሟል። ከእርሱ ሥር ዘይት የጠጣ የስፖንጅ ቀለበት አለ፤ ከዚያ በታች ደግሞ ቱቦው የሚንሸራተትባቸው ቡሽ የሚባሉ ቀለበቶች። የጥገናው ነገር በአብዛኛው የእነዚህ ሦስት ቀለበቶች ነገር ነው።

ማስተካከል የሚጀመረው ነጂው ሲቀመጥበት ሹካው ምን ያህል እንደሚወርድ በመለካት ነው። ሳግ ይባላል። ባዶውን ቆሞ የሚታየው ሹካ ምንም አይናገርም፤ ሰው ሲቀመጥበት ግን መውረድ ከሚችለው ርዝመት የተወሰነውን ያህል መውረድ አለበት። ጎማው ወደ ጉድጓድ ሲገባ ሹካው ተዘርግቶ መሬቱን ተከትሎ እንዲወርድ የሚያስችለው ይህ ነው። ለአገር አቋራጭ ከ15 እስከ 20 በመቶ፣ ለጫካና ለቁልቁለት ከ20 እስከ 30 በመቶ ይመከራል። 120 ሚሊ ሜትር የሚወርድ ሹካ ከሆነ 20 በመቶው 24 ሚሊ ሜትር ነው።

መለኪያው ቀላል ነው። ብዙ ሹካዎች በላይኛው ቱቦ ላይ ትንሽ የጎማ ቀለበት ይዘው ይመጣሉ፤ ከሌለ ብር የሚታሰርበት ላስቲክ ይበቃል። ሹካው እንዳይወርድ የሚዘጋው ሎክ መከፈቱ ይታያል። ነጂው የሚለብሰውን ለብሶ፣ የሚሸከመውን ቦርሳና ውኃ ተሸክሞ፣ ግድግዳ ተደግፎ በሚነዳበት አኳኋን ፔዳሉ ላይ ይቆማል። ሌላ ሰው ላስቲኩን ወደ ታች ገፍቶ ከአቧራ ጠራጊው ጋር ያስጠጋዋል። ነጂው ሳይወዛወዝ ቀስ ብሎ ይወርዳል። በላስቲኩና በጠራጊው መካከል ያለው ርቀት በማስመሪያ ይለካል። ከ24 ሚሊ ሜትር ካነሰ አየር ይቀነሳል፣ ከበለጠ ይጨመራል። ዕቃ የሚያደርስ ወጣት ጀርባው ላይ ከባድ ሳጥን ይዞ የሚነዳ ከሆነ ሳጥኑን ተሸክሞ ይለካ፤ ባዶውን የለካው ቁጥር ለሥራ ሰዓቱ አይሆንም።

አየር የሚሞላበት መሣሪያ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የሹካው ቫልቭ የመኪና ጎማ ቫልቭ ይመስላል፤ ስለዚህ ብዙ ሰው በቀጥታ ወደ ጎሚስታ ይወስደዋል። ይህ መቅረት አለበት። በሹካው ውስጥ ያለው የአየር ክፍል በጣም ትንሽ ነው፤ የጎሚስታ ኮምፕሬሰር በቅጽበት ከልኩ በላይ ሊሞላውና ውስጡን ሊያበላሽ ይችላል። የእግር ፓምፕም ቢሆን ልኩን ጠብቆ ለመሙላት አይመችም። ለዚህ የተሠራ በእጅ የሚያዝ የሾክ ፓምፕ አለ፤ መለኪያ ሰዓት ተገጥሞለታል፣ በእያንዳንዱ ግፊት የሚያስገባውም ጥቂት አየር ነው። የሚፈቀደው ከፍተኛ ግፊት በብዙ ሹካዎች እግር ላይ ተጽፏል። ሲሞላም በየ20 ፒ.ኤስ.አይ. (የግፊት መለኪያ) ገደማ እያቆሙ ሹካውን ጥቂት ጊዜ በዝግታ መጫንና መልቀቅ ያሻል። ውስጥ ከዋናው አየር በተቃራኒ የሚገፋ ሌላ ትንሽ ክፍል አለ፤ ሁለቱ የሚመጣጠኑት በዚህ ጊዜ ነው። ይህ ካልተደረገ ሰዓቱ ትክክለኛ ቁጥር እያሳየ ሹካው ግን ሌላ ጠባይ ያሳያል። ፓምፑ ሲነቀል «ፍስ» የሚለው አየር ደግሞ የቱቦው እንጂ የሹካው አይደለም፤ ልክ ሞልቶ ሳለ ለዚያ ድምፅ ብሎ አየር የሚጨምር ሰው ብዙ ነው።

የአየር ሙቀትም ቁጥሩን ይለውጣል። በኅዳር ጠዋት 8 ዲግሪ ላይ 80 ፒ.ኤስ.አይ. የተሞላ ሹካ፣ ከሰዓት በኋላ 25 ዲግሪ ሲሆን 85 ያህል ይሆናል። ስለዚህ በአንድ ሰዓት ላይ የለካ ሰው በስምንት ሰዓት «ሹካዬ ጠነከረ» ቢል ትክክል ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነገር ለአዲስ አበባ ሰው በተለይ የሚመለከት ነው። በብዙ መመሪያዎች ውስጥ በአንድ መስመር ይታለፋል፤ እዚህ ግን ረዘም ያለ ቦታ ይገባዋል።

ወደ ኢትዮጵያ የሚገቡት ብስክሌቶች በብዛት የሚመጡት በመርከብ እስከ ጅቡቲ፣ ከዚያም በየብስ ነው። ሹካው የተገጣጠመው ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ ባላለ ቦታ ባለ ፋብሪካ ነው። በዚያ ቦታ የአየሩ ግፊት 14.7 ፒ.ኤስ.አይ. ያህል ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ከፍ ብላ የምትገኝ ከተማ ናት፤ እዚህ የአየሩ ግፊት ወደ 11 ገደማ ይወርዳል። እዚህ ተከድኖ ወደ አዋሽ የወረደ የላስቲክ ውኃ ጠርሙስ ሲጨማደድ ያላየ ተጓዥ ጥቂት ነው፤ ከቆላ የመጣ የታሸገ ቺፕስ ደግሞ እዚህ ሲደርስ ይነፋል። በሹካው የታችኛው እግር ውስጥም የሆነው ይኸው ነው። ፋብሪካው ውስጥ ሲዘጋ አብሮ የገባው አየር ከውጭው አየር በአንድ ሦስተኛ ያህል የበለጠ ግፊት ይዞ ጌጃ ሰፈር ይደርሳል።

ይህ አየር በፓምፑ ከሚሞላው የተለየ ነው፤ ማንም ያልሞላው፣ በመለኪያም የማይታይ አየር ነው። ሹካው ሲወርድ እየታመቀ ይሄዳል፣ ወደ መጨረሻው ላይ እንደ ተጨማሪ ሞላ ሆኖ ይገፋል። ነጂው ሳጉን በትክክል ለክቶ እያለ ሹካው የመጨረሻውን ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር አልወርድም ይለዋል። አንዳንዴ በጠራጊው ቀለበት ዙሪያ ዘይት ማላብ ይጀምራል። ሰውየው ሹካው የተበላሸ ይመስለዋል፣ ወይም አየር ይቀንስና ሳጉን ያበላሻል።

በቅርብ ዓመታት የተሠሩ አንዳንድ ውድ ሹካዎች ከታችኛው እግር በስተኋላ ይህን አየር የሚያስወጣ ትንሽ ቁልፍ አላቸው፤ መጫን ብቻ ነው። ለሌሎቹ የቆየ ዘዴ አለ። የጠራጊው ዙሪያ በንጹሕ ጨርቅ ይጠረጋል። ብስክሌቱ ከፍ ተደርጎ ሹካው ሙሉ በሙሉ ይዘረጋል። የቀጭን ኬብል ታይ ለስላሳ ጫፍ በጠራጊው ከንፈርና በቱቦው መካከል በቀስታ ይገባል፤ አየሩ ሲወጣ ይሰማል፤ ኬብል ታዩ ይወጣል። በሁለቱም እግር እንዲሁ ይደረጋል። ካቻቢቴ፣ ቢላዋ፣ ሚስማር ለዚህ ሥራ አይቀርብም። ቱቦው ላይ የሚተወው ጭረት ሹካው እስካለ ድረስ ዘይት ያስወጣል። ሹካው አዲስ አበባ ውስጥ ተከፍቶ ከተገጠመ ደግሞ ይህ ችግር ራሱ ይጠፋል፤ የሚታሸግበት አየር የዚሁ ከተማ አየር ነውና።

ሁለተኛው ማስተካከያ የመመለሻው ፍጥነት ነው። በብዙ የአየር ሹካዎች በቀኙ እግር ግርጌ የምትገኘው፣ ብዙ ጊዜ ቀይ የሆነች ትንሽ መዘውር ሪባውንድ ትባላለች። በአንዳንዶቹ ላይ በአንድ በኩል ኤሊ፣ በሌላው ጥንቸል ተስሎባታል። ወደ ኤሊው ሲዞር ሹካው በዝግታ ይመለሳል፣ ወደ ጥንቸሉ ሲዞር በፍጥነት። መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ወደ ኤሊው ይዘጋል፤ ከዚያ እየተቆጠረ ወደ መካከል ይመለሳል። ከዚያ የእግረኛ መንገድ ጠርዝ የሚያህል ደረጃ ላይ ቁጭ ብሎ መውረድ ነው። ሹካው ወርዶ፣ ተመልሶ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ትንሽ አልፎ ከረጋ ልክ ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ ከተወዛወዘ ፈጥኗል። ሳይወዛወዝ ቀስ እያለ ከተነሣ ዘግይቷል።

ዝግታው የሚያመጣውን ችግር ኮብልስቶን ከሁሉም በላይ ያሳያል። ጎማው የመጀመሪያውን ድንጋይ ሲመታ ሹካው ይወርዳል። ሳይመለስ ሁለተኛው ይመጣል፤ ትንሽ ጨምሮ ይወርዳል። ሦስተኛው፣ አራተኛው እንዲሁ። ከሃምሳ ሜትር በኋላ ሹካው ግማሹ ድረስ ተቀብሮ ይቀራል፤ ነጂው የሚሰማው ደረቅ ንዝረት ነው፣ አንጓውን ያመዋል። ቤቱ ሲደርስ «ሾኩ ደርቋል» ብሎ አየር ይቀንሳል፤ ያን ጊዜ ይብስበታል። መድኃኒቱ መዘውሯን ሁለት ሦስት ጠቅታ ወደ ጥንቸሉ ማዞር ነበር። ከባድ ሰው ብዙ አየር ስለሚሞላ ብዙ ማብረጃ ያስፈልገዋል፤ ቀላል ሰው በተቃራኒው። የጓደኛን ቁጥር መገልበጥ የማይሠራው በዚህ ምክንያት ነው።

ሎክ የሚባለው በቀኙ እግር አናት ላይ ያለው መዝጊያ ነው። የሽሮ ሜዳን ዳገት ቆሞ ለሚረግጥ ሰው ይጠቅማል። ጉዳቱ የሚመጣው እንጦጦ ደርሶ ሳይከፍተው ቁልቁል የሚወርድ ሲኖር ነው። እጁ ይደነዝዛል፣ የፊት ጎማው መሬት መያዙን ይተዋል፣ የርካሽ ሹካ ዳምፐርም በተዘጋበት ድንጋይ ሲመታው ሊበላሽ ይችላል። ከቁልቁለቱ በኋላ ላስቲኩ የት እንዳለ ማየት ጥሩ ልማድ ነው። በከባድ መንገድ ወርዶ እንኳ የቱቦው አንድ ሦስተኛ ጨርሶ ካልተነካ አየሩ በዝቷል፣ ወይም ያ ከባሕር ጠለል የመጣው አየር አልወጣም። በየጉድጓዱ እየመታ መጨረሻው ድረስ ከሄደ ደግሞ አንሷል።

ይህ ሁሉ የአየር ሹካ ለሌለው ሰው ምን ይፈይዳል? አዲስ አበባ ውስጥ ከሚነዱት የሚበዙት ባለ ሞላ ናቸው፤ ስለዚህ ጥያቄው ተገቢ ነው። በግራው አናት ላይ ያለችው ጥቁር መዘውር ሞላውን አስቀድማ ትጫነዋለች፤ ሳጉን ትቀንሳለች እንጂ ሞላውን ጠንካራ አታደርገውም። ከባድ ሰው እስከ መጨረሻ ቢያዞራትም ሹካው ለእርሱ አይሆንም። ሁለት ኪሎ ተኩል ገደማ የሚመዝን፣ ውስጡ የዛገ፣ ወርዶ የሚቀር ሹካ ይዞ ከመሄድ ሾክ የሌለው ቀጥተኛ ሹካ ሰፊ ጎማ ገጥሞ መንዳት ይሻላል። ይህን ደፍሮ ለገዢ የሚነግር ሻጭ ያስፈልጋል። ከመጣሉ በፊት ግን መክፈት ተገቢ ነው። ብዙዎቹ የተያዙት ከግርጌ በሁለት ቡሎን ብቻ ነው፤ ተፈትተው፣ ዝገቱ ተጠርጎ፣ ግራሶ ተቀብቶ ሲገጠሙ ብዙ ለውጥ ያሳያሉ።

ወደ ጥገናው ስንመጣ፣ አምራቾቹ የሚቆጥሩት በኪሎ ሜትር ሳይሆን በሰዓት ነው። ሮክሾክስ ለብዙ ሞዴሎቹ በየ50 ሰዓቱ የታችኛው እግር ተከፍቶ እንዲጸዳ፣ በየ200 ሰዓቱ ደግሞ ዳምፐሩና የአየር ክፍሉ እንዲታደስ ያዝዛል። ፎክስ ሙሉ ጥገናውን በየ125 ሰዓቱ ወይም በዓመት አንዴ ይላል። በቀን አንድ ሰዓት የሚነዳ ሰው 50 ሰዓትን በሁለት ወር ውስጥ ይጨርሳል። የበጋውን የግንባታ አቧራና የክረምቱን ጭቃ ያየ ሰው ይህ ጥገና ለእኛ ከተማ የበዛ ነው አይልም። በየቀኑ ለማይነዳ ሰው ግን በዓመት ሁለቴ፣ አንዴ ክረምቱ ሲወጣ በመስከረም፣ አንዴ ክረምቱ ሳይገባ በግንቦት ቢከፈት ይበቃል።

ሥራው ይህን ይመስላል። አየሩ ካለ ሙሉ በሙሉ ይለቀቃል፤ ይህ ሳይደረግ ቡሎን መፍታት አደገኛ ነው። የፊት ጎማና ፍሬን ይወጣሉ። ከግርጌ ያሉት ቡሎኖች በአለን ኪ ሦስት አራት ዙር ብቻ ይፈታሉ፤ ጨርሰው አይወጡም። በላያቸው በጎማ መዶሻ ይመታሉ፤ ውስጥ የተጣበቀው ዘንግ ይላቀቃል። ከዚያ ቡሎኖቹ ይወጡና የታችኛው እግር በሁለት እጅ ተይዞ ወደ ታች ይሳባል። በዚህ ጊዜ ዘይት ይፈስሳልና ሥሩ ሳህን መቀመጥ አለበት። ፋብሪካው ሲሞላው ጥርት ያለ የነበረው ዘይት ብዙ ጊዜ እንደ ቡና አተላ ጠቁሮ ይወጣል፤ ጣት ላይ ሲታሽ አሸዋው ይቆረቁራል። አንዳንዱ ሹካ ምንም አያወጣም። ደርቋል፤ ቱቦው ያለ ዘይት ሲፈጭ ከርሟል።

የስፖንጅ ቀለበቶቹ በጣት ተስበው ይወጣሉ፣ ይጨመቃሉ፣ ታጥበው ይደርቃሉ፣ አዲስ ዘይት እንዲጠጡ ይደረጋል። የእግሩ ውስጥ በእንጨት ላይ በተጠቀለለ ንጹሕ ጨርቅ ይወለወላል። ለማጠቢያ በየጋራዡ የሚቀርበው ነጭ ጋዝ ወይም ቤንዚን ነው፤ ለብረት ይሠራል፣ የሹካውን የጎማ ቀለበት ግን ያደርቀዋል ወይም ያሳብጠዋል። ከፋርማሲ የሚገዛ አልኮል ይበቃል። ከኮቪድ ጊዜ የተረፈው የእጅ ሳኒታይዘር አይሆንም፤ ግሊሰሪን ስላለበት የፍሬኑ ዲስክ ላይ ከደረሰ ቅባት ይተዋል። ሲመለስ በየእግሩ የሚገባው ዘይት በጣም ጥቂት ነው፤ መጠኑም እንደ ሞዴሉ ይለያያል። ይህን ለመለካት ከዚያው ፋርማሲ ስሪንጅ መግዛት ነው። ትክክለኛው ልክና የዘይቱ ዓይነት በሹካው መመሪያ ላይ ይገኛል። 20/50 የሞተር ዘይት ለዚህ በጣም ወፍራም ነው፣ የምግብ ዘይት ይረጋል፣ የፍሬን ዘይት ቀለበቱን ይበላል። ከቡሎኖቹ ጋር ያሉት ትንንሽ ሮንዴላዎች ቢቀየሩ ይመረጣል፤ ዘይት የሚይዙት እነርሱ ናቸው። ቡሎኖቹ የሚጠብቁት በእጅ ኃይል ተገምቶ ሳይሆን በቶርክ ሬንች ነው፤ በብዙዎቹ 7 ኒውተን ሜትር አካባቢ፣ ማለትም ብዙ ሰው ከሚያስበው በጣም ያነሰ። የዳምፐሩን ውስጥ መክፈት ግን ሌላ ሙያና ሌላ መሣሪያ ነው፤ ሳይማሩ መግባት አይገባም።

በሁለት ጥገና መካከል ያለው እንክብካቤ የበለጠ ቀላል ነው። ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ ቱቦውን በለስላሳ ጨርቅ መጥረግ። ላቫጆ ወስዶ በግፊት ውኃ ጠራጊው ላይ አለማስረጨት፤ ውኃው ከነአሸዋው ወደ ውስጥ ይገባል። አንድ ባልዲና ስፖንጅ ይበቃል። ቱቦው እንዲያብረቀርቅ ብሎ ደብሊው ዲ 40 መንፋትም የውስጡን ቅባት ያጥባል። ብስክሌቱን ማታ ገልብጦ ማሳደር ደግሞ ዘይቱ ወደ ስፖንጁ እንዲወርድ ያደርጋል። ቱቦው ላይ ጥፍር የሚያስይዝ ጭረት ካለ ቀለም አልባ ኩቴክስ ተቀብቶ ሲደርቅ በጣም በላመ ብርጭቆ ወረቀት በውኃ እየተለሰለሰ ይስተካከላል፤ ጊዜያዊ ቢሆንም ቀለበቱን ከመቆረጥ ያድናል።

ደኅንነትን የሚመለከቱ ሁለት ነገሮች ሳይነገሩ አይታለፉም። የፊት ፍሬን ተይዞ ብስክሌቱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲነቀነቅ የሚንኳኳ ነገር ካለ፣ ጣት መጀመሪያ በመሪው ኩሽኔታ ላይ፣ ቀጥሎ በጠራጊው ላይ ይደረግ። ከላይ ከተሰማ ኩሽኔታው ላልቷል፤ ማጥበቅ ይቻላል። ከታች ከተሰማ ቡሹ አልቋል፤ በዚያ ሹካ ቁልቁለት መውረድ ይቁም። ሌላው አገጣጠም ነው። ሁለቱን እግር የሚያገናኘው ቅስት ከፊት መሆን ሲገባው ወደ ኋላ ዞሮ የተገጠመ ሹካ በርካሽ ብስክሌቶች ላይ ይገኛል። ማኒቱ የሚባለው አምራች ሆን ብሎ ከኋላ ያደርገዋል፤ በፋብሪካው እንዲህ ተብሎ ያልተሠራ ሹካ ወደ ኋላ ከዞረ ግን ተሳስቶ የተገጠመ ነው። የመሪው ጠባይ ይለወጣል፣ ፍሬኑም በትክክል አይቀመጥም። ልጃቸው በእንዲህ ያለ ብስክሌት የሚሄድ ወላጆች ዛሬውኑ ይዩት።

ለጥገና ባለሙያዎች የቀረበ ሐሳብ አለ። አንድ የሾክ ፓምፕ፣ አንድ ቶርክ ሬንች፣ ጥቂት ስሪንጅና አንድ ደብተር የያዘ ሰው በዚህ ሰፈር አዲስ ሥራ መክፈት ይችላል። ደብተሩ ላይ የደንበኛው ክብደት፣ የሹካው ዓይነት፣ የተሞላው ፒ.ኤስ.አይ.፣ የሪባውንዱ ጠቅታና ሹካው የተከፈተበት ቀን ይጻፍ። ነጂዎችም ተሰባስባችሁ ፓምፑን በጋራ ግዙ፤ በወር አንዴ እንኳ የማይነሣ ዕቃ ለእያንዳንዱ ሰው አያስፈልግም። በ2011 ዓ.ም. በተጀመረው «መንገድ ለሰው» ዓይነት ቀን፣ መንገዱ ከመኪና ነፃ ሲሆን፣ አንድ ጠረጴዛ አውጥታችሁ የአላፊ አግዳሚውን ሳግ ለኩለት። ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ደግሞ በራሳችሁ ብስክሌት ጀምሩ፦ ላስቲክ ቱቦው ላይ እሰሩ፣ ማስመሪያ ያዙ፣ የምታገኙትን ቁጥር ጻፉ።